የፕሮዳክት ስኬትን መለካትና የፕሮዳክት ቡድን መምራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፕሮዳክት ሥራ ላይ ያሉ ወዳጆቼ ደጋግመው ያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮዳክት ማኔጀር ምንድን ነው የሚሠራው? ከፕሮጀክት ማኔጀር በምን ይለያል?

ፕሮጀክት ማኔጀር አንድ ሥራ በተባለው ቀንና በተያዘለት በጀት እንዲያልቅ ይታገላል። ሲያልቅ ያስረክባል። ፕሮዳክት ማኔጀር ግን ከርክክቡ በኋላም እዚያው ነው። ይህ ነገር ለማን ተሠራ? የትኛውን ችግሩን አቀለለት? ነገ ተመልሶ ይመጣል? ድርጅቱንስ ያዋጣል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የሚያድር ሰው ነው።

ሙያው ከአፕም ከኮምፒውተርም ይቀድማል። በ1931 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ውስጥ ኒል ማክኤልሮይ የሚባል ወጣት የካሜይ ሳሙናን ማስታወቂያ ይዞ ነበር። የዚያው ድርጅት ሌላ ሳሙና፣ አይቮሪ፣ ካሜይን ስለጋረደበት ተቸገረ። ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ለአለቆቹ ሰጠ። እያንዳንዱ ምርት የራሱ ኃላፊ ይኑረው፤ ኃላፊው ሽያጩ የጠነከረበትንና የደከመበትን አካባቢ ለይቶ ያጥና፤ ምክንያቱንም እዚያው ሄዶ ይፈልግ የሚል ነበር። ሥራው ዛሬም ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ፕሮዳክት «ተሳካ» የሚባለው መቼ ነው?

የተሠራለት ሰው ሥራው ወይም ኑሮው ሲቀልለት፣ ስለቀለለትም ማንም ሳይጎተጉተው ሲመለስ፣ መመለሱም ድርጅቱን ሲያኖር ነው። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ሰው የወደደው ግን ድርጅቱን የሚያከስር ምርት ዕድሜ የለውም። ትርፍ እያስገባ ሰውን የሚያማርር ምርትም የሚቆየው የተሻለ አማራጭ እስኪመጣ ድረስ ነው። በቀኑ መውጣቱ፣ ቆንጆ መሆኑ፣ በምረቃው ቀን መጨብጨቡ ከሦስቱ ውስጥ የሉም።

ኤምፔሳን እንይ። በ2005 ኬንያ ውስጥ ሙከራው ሲጀመር የታሰበው ለአነስተኛ ብድር ነበር። ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነው የተፈለገው። ሰዎቹ ግን ሌላ ጥቅም አገኙለት። ለዘመድ ገንዘብ ላኩበት። መንገድ ሲወጡ ጥሬ ብር ከመያዝ ይልቅ አስገብተውት ሄደው ሌላ ቦታ አወጡት። ሳፋሪኮም በማርች 2007 አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍት ብድሩን ወደ ጎን ብሎ «ገንዘብ ወደ ቤት ላኩ» በሚል መልእክት ወጣ። እኛ አገር የገባው በኦገስት 2023 ነው። በሙከራው ወቅት የተለካው «ስንት ብድር ተመለሰ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሳይታይ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ስትለኩ ሰው በምርታችሁ ምን እየሠራበት እንደሆነም እዩ። ያላሰባችሁት ሊሆን ይችላል።

አፓችንን ብዙ ሰው አውርዶ ተመዝግቧል። ይህ ስኬት አይደለም?

ጅምር ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ለሰፈር ሱቆች የሚሆን የዕቃና የዱቤ መመዝገቢያ አፕ ላይ እሠራ ነበር። በየሳምንቱ የተመዝጋቢው ቁጥር ሲጨምር ቢሮ ውስጥ እናጨበጭባለን። አንድ ቀን ጀሞ ወደሚገኝ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ በእኛ መዝገብ ውስጥ አሉ። «እትዬ፣ አፑ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ኧረ በጣም ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ቆምኩ።

በዚህ መሃል አንዲት ልጅ ዘይት በዱቤ ልትወስድ መጣች። ባለሱቋ እጃቸውን ከባንኮኒው ሥር ሰደድ አድርገው ጠርዙ የተጨማደደ ደብተር አወጡ። እስክሪብቶው በክር ታስሮበታል። ስም፣ ዕቃ፣ ብር። ጻፉና መለሱት። ሙሉው ነገር ዐሥር ሴኮንድ የፈጀ አይመስለኝም። በእኛ አፕ ያንኑ ለመመዝገብ ስድስት ገጽ ማለፍ ያስፈልግ ነበር። ስልካቸው እዚያው አጠገባቸው ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ነበር። አፑም ውስጡ ነበር። ያን ቀን ማታ የተመዝጋቢ ቁጥሩን ከሪፖርታችን የመጀመሪያ ገጽ አውርደን በምትኩ «በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ዱቤ የመዘገበ ሱቅ» የሚለውን አስገባን። አዲሱ ቁጥር በጣም ትንሽ ነበር። ግን እውነት ነበር።

እኛ አገር ደግሞ ምዝገባን እንዳናምን የሚያደርጉ የራሳችን ምክንያቶች አሉ። አንድ ሰው ሁለት ሲም ይይዛል። አንድ ስልክ ለቤተሰብ በሙሉ ያገለግላል። መዝጋቢ ወጣቶች በሰው ቁጥር የሚከፈላቸው ከሆነ ደግሞ ምዝገባው ይጨምራል፤ ተጠቃሚው ግን የት እንዳለ አይታወቅም።

ሰው ተመልሶ መምጣቱን (ሪቴንሽን) እንዴት እንለካለን?

በአንድ ሳምንት የገቡትን ሰዎች እንደ አንድ ቡድን ያዙና ተከተሏቸው። እንበል በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት 1,000 ሰው ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ከእነሱ 400 ተመለሱ። በአራተኛው 220፣ በስምንተኛው 200፣ በዐሥራ ሁለተኛው 195። በግራፍ ስታስቀምጡት መስመሩ ወርዶ ወርዶ ተኛ ማለት ነው። እነዚህ 195 ሰዎች ምርቱ የሆነ ነገር አድርጎላቸዋል። መስመሩ ሳይተኛ ወደ ዜሮ የሚሄድ ከሆነ ግን ማስታወቂያ መጨመር በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። የመስከረሙን ቡድን ከጥቅምቱ፣ የጥቅምቱን ከኅዳሩ ጋር አወዳድሩ። ምርቱ እየተሻሻለ ከሆነ አዲሱ ቡድን ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይተኛል።

ጊዜውን ከምርቱ ጠባይ ጋር አስማሙ። ታክሲ መጥሪያ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይከፈታል። የመብራትና የውሃ ክፍያ በወር አንዴ ነው። የፈተና ውጤት ማያ በዓመት አንዴ ቢከፈት ጤነኛ ነው። «በየቀኑ ስንት ሰው ገባ» የሚለውን ለሁሉም መጠየቅ ቡድኑን ወደማይረባ ማሳሰቢያና ጥሪ ይገፋዋል። ሰውን በግድ ለማስመለስ ማለቴ ነው።

ሰው የሚቆየው ከምን በኋላ እንደሆነም ፈልጉ። ፌስቡክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ ሰውን በ10 ቀን ውስጥ 7 ጓደኛ ማስገኘት ላይ አተኩሮ ነበር። የሥራ ባልደረቦች የሚጻጻፉበት ስላክ የተባለው አፕ ደግሞ 2,000 መልእክት የተለዋወጡ ቡድኖች 93 በመቶው እንደሚቆዩ አየ። የእናንተ ምርትም እንዲህ ያለ ነጥብ ይኖረዋል። ብቻ አንድ ጥንቃቄ፦ ሊቆይ የመጣ ሰው ነው ብዙ መልእክት የሚልከው ወይስ መልእክቱ ነው ያቆየው? ሳትፈትኑ አትደምድሙ።

«ኖርዝ ስታር» የሚባለውን ዋና ቁጥር እንዴት እንምረጥ?

ቡድኑ በሙሉ ዓይኑን የሚጥልበት አንድ ቁጥር ማለት ነው። እኔ የምፈትነው በአንድ ጥያቄ ነው። ይህ ቁጥር ሲጨምር የተጠቃሚው ሕይወት የግድ ትንሽ ተሻሽሏል? ካልሆነ ሌላ ፈልጉ። ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩበት ኤርቢኤንቢ የተያዙ ሌሊቶችን ይቆጥራል። አንድ ሌሊት ሲያዝ እንግዳው ማደሪያ አገኘ፣ ባለቤቱ ገቢ አገኘ፣ ድርጅቱም ድርሻውን ወሰደ። ሦስቱም አንድ ቁጥር ውስጥ አሉ።

ዩቲዩብ እስከ 2012 ድረስ ትልቁ መለኪያው የዕይታ ብዛት ነበር። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። የሚያጓጓ ፎቶና ርዕስ፣ ከፍተው ሲያዩት ግን ባዶ። ሰው ጠቅ ያደርጋል፣ ተናድዶ ይወጣል፣ ዕይታው ግን ተቆጥሯል። ስለዚህ ወደ መመልከቻ ጊዜ ቀየሩት። መጀመሪያ ላይ የዕይታ ቁጥሩ ወረደ፤ እነሱም ጸኑ። በቀን 1 ቢሊዮን ሰዓት የሚል ግብ አስቀምጠው በ2016 ደረሱበት። ሰዓት ብቻውንም እንደማይበቃ ገብቷቸው ተመልካቹን «ባየኸው ረክተሃል?» ብለው መጠየቅ ጨመሩበት። ዋና ቁጥር አንዴ ተመርጦ የሚታተም ማኅተም አይደለም፤ ምርቱ ሲያድግ ይፈተሻል።

ከራሳችን ቀን ውሎ ልጨምር። በስልክ መክፈል ከተለመደ ወዲህ ካፌ ውስጥ የምናየው ነገር አለ። ደንበኛው ከፍሎ ስልኩን ያሳያል። ካሸሯ ግን የእሱን ስልክ አታምንም፤ የራሷን ታያለች። «ትንሽ ይጠብቁኝ፣ መልእክቱ አልገባልኝም» ትላለች። ከኋላ ሰው ተሰልፏል። ደንበኛው እንደ ሌባ የታየ ይመስለዋል። ሲስተሙ ላይ ግን ክፍያው «የተሳካ» ተብሎ ተመዝግቧል። የክፍያ አገልግሎት የምመራ ብሆን የክፍያ ብዛት ብቻ አልቆጥርም። ለከፋዩም ለተቀባዩም ማረጋገጫው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የደረሰበትን ክፍያ ነው የምቆጥረው። ያቺ ካሸር ቀና ብላ «አመሰግናለሁ፣ ገብቷል» ያለችበትን።

ተጠቃሚዎቻችን ገና ጥቂት ናቸው። ምን እንለካ?

ሠላሳ ሰው ላይ መቶኛ ማስላት ዋጋ የለውም። ሦስት ሰው ሲታመም ግራፉ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ሰዎቹን በስም እወቋቸው። ሲጠቀሙ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ትንሽ በዛ ሲሉ የስታርታፕ ዕድገት ባለሙያው የሾን ኤሊስ ጥያቄ ይጠቅማል፦ «ነገ ይህን ምርት መጠቀም ባይችሉ ምን ይሰማዎታል?» ከመላሾቹ 40 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ «በጣም ይከፋኛል» ካሉ ምርቱ ቦታውን አግኝቷል የሚል መመዘኛ ነው። ሱፐርሂዩማን የተባለው የኢሜይል አፕ ይህን ሲጠይቅ መጀመሪያ ያገኘው 22 በመቶ ነበር። በጣም ይከፋናል ያሉት እነማን እንደሆኑ ለዩ። ምኑን እንደወደዱለት ጠየቁ። ያንን አጠነከሩ። ሊወዱት ጫፍ ላይ የደረሱትን ሰዎች የያዛቸውን ነገር ደግሞ አነሱላቸው። ቁጥሩ 58 በመቶ ደረሰ። ፈጽሞ ግድ ያልሰጣቸውን ሰዎች ግን አላባበሉም። ለሁሉም ለመሆን መሞከር ገና በልጅነቱ ምርቱን ይገድለዋል።

የደንበኛ እርካታ (ኤንፒኤስ) እንጠይቅ? ሁሉም «ጥሩ ነው» ነው የሚለን።

ኤንፒኤስ በ2003 የንግድ አማካሪው ፍሬድ ራይክሄልድ ያስተዋወቀው መለኪያ ነው። «ይህን ለወዳጅዎ ይመክራሉ?» ተብሎ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። 9 እና 10 የሰጡት መቶኛ ላይ ከ0 እስከ 6 የሰጡት መቶኛ ይቀነሳል። 7 እና 8 የሰጡት ከጠቅላላው መላሽ ውስጥ ይገባሉ እንጂ አይደመሩም፣ አይቀነሱም። 50 በመቶ ወዳጅ፣ 20 በመቶ ቅሬታ ያለው ከሆነ ውጤቱ 30 ነው። ከአንዱ ሩብ ዓመት ወደ ሌላው ለመከታተል አይከፋም።

እኛ ዘንድ ግን ይሉኝታ አለ። በስልክ ደውሎ በትሕትና የሚጠይቅ ልጅን ማን ያሳዝናል? «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይባላል። ሰውየው ክፉ ነገር መናገር ነውር ስለሚመስለው እንጂ ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። ስለዚህ አስተያየቱን ትታችሁ ያደረገውን ጠይቁ። «ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሙት መቼ ነው? ያን ቀን ምን ፈልገው ነበር? ሳይሆን ሲቀር ምን አደረጉ?» ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ «እስኪ አሁን ሲያደርጉት ልየው» ማለት ነው። ጣት የት ላይ እንደሚያመነታ ስታዩ ይሉኝታ አይሸፍነውም።

ጥያቄው ራሱ ሲሳሳት ብዛትም አያድንም። ኮካ ኮላ በ1985 አዲሱን ጣዕም ከማውጣቱ በፊት ወደ 200,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የቅምሻ ሙከራ አድርጓል። ብዙዎቹ አዲሱን መረጡ። በኤፕሪል ወጣ። በ79 ቀን ውስጥ የድሮው ተመለሰ። አንድ ጉንጭ ተቀምሶ የትኛው ይጣፍጣል ነበር ጥያቄው። የለመዱትን ብንወስድባቸው ምን ይሰማቸዋል የሚለው ግን ተገቢ ቦታ አልተሰጠውም።

ኬፒአይና ኦኬአር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኬፒአይ እንደ መኪና ዳሽቦርድ ነው፤ ነዳጅ፣ ሙቀት፣ ፍጥነት። ሁልጊዜ ይታያል። ኦኬአር ደግሞ በዚህ ሩብ ዓመት የት መድረስ እንደፈለጋችሁና መድረሳችሁን በምን እንደምታውቁ የሚናገር ነው። በኢንቴል አንዲ ግሮቭ አሳደገው፤ ባለሀብቱ ጆን ዶር በ1999 ወደ ጉግል ወሰደው። ብዙ ቢሮ ውስጥ የማየው ስሕተት የሥራ ዝርዝርን ኦኬአር ብሎ መጥራት ነው። «አዲሱን ገጽ እናወጣለን» ሥራ ነው። «መጀመሪያ ቀን ክፍያ ጀምሮ የሚጨርሰው ሰው ከ100 ከ40 ወደ 60 ይደርሳል» ውጤት ነው።

ቁጥሩ ጨመረ ወይም ወረደ። የእኛ ሥራ ያመጣው መሆኑን በምን እናውቃለን?

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ምግብ የሚያደርስ አገልግሎት በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሥጋ ትዕዛዙ ቢወርድ አዲሱ ገጽ አላበላሸውም። ለፋሲካ ሲፈነዳም አዲሱ ገጽ አላመጣውም። ረቡዕና ዓርብ ከማክሰኞ ጋር አይወዳደሩም። የደመወዝ ሰሞን አለ። የትምህርት ቤት መክፈቻ አለ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ፋሲካም ቀኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ «ካለፈው ዓመት ኤፕሪል» ጋር ከማወዳደር የጾምን ሳምንት ከጾም ሳምንት ጋር ማወዳደር ይሻላል። ኔትወርክ የተቋረጠባቸውን ቀናትም ግራፉ ላይ ምልክት አድርጉ። ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ሰው ከበቃችሁ እርግጠኛው መንገድ ኤ/ቢ ሙከራ ነው። በዕጣ ለግማሹ አሮጌውን፣ ለግማሹ አዲሱን በአንድ ጊዜ ማሳየት። ጾሙም ደመወዙም ሁለቱን እኩል ይነካል። ቢንግ በተባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት መፈለጊያ አንድ ሠራተኛ የማስታወቂያ ርዕስ አቀራረብ ላይ ትንሽ ለውጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አለቆች አልጓጉለትም፤ ከስድስት ወር በላይ ተኛ። በ2012 አንድ ኢንጂነር ቀላል ስለሆነ ሞከረው። ገቢው 12 በመቶ አደገ፤ በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። የአለቃ ግምት እንዲህ ሊሳሳት ይችላል። የእኔም፣ የእናንተም።

ቁጥሩ እየጨመረ ምርቱ ግን እየተበላሸ ሊሄድ ይችላል?

አዎ፣ የሚያስፈራውም ይህ ነው። እዚያው ቢንግ ውስጥ አንድ ሙከራ ላይ ስሕተት ገብቶ የፍለጋ ውጤቱ በጣም ተበላሸ። የአንድ ሰው የፍለጋ ብዛት ከ10 በመቶ በላይ ጨመረ። ገቢም ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ። ሰው የፈለገውን ስላጣ ደግሞ ደጋግሞ ፈለገ፤ ከማይረባው ውጤት ማስታወቂያው ተሽሎ ሲገኝ እሱን ጠቅ አደረገ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ድግስ ይደግሳል። ስለዚህ ቢንግ ሰው ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚመጣ ወደ መቁጠር ሄደ።

በአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ ላይ የደረሰው ከዚህ ይከፋል። ሠራተኞቹ ለአንድ ደንበኛ ብዙ ዓይነት ሒሳብ እንዲከፍቱ ከባድ ኮታ ተጣለባቸው። ኮታውን ለመሙላት ደንበኛው ሳያውቅ ሒሳብ ይከፍቱ ጀመር። በ2016 ሲጋለጥ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ወደ 5,300 ሠራተኞች ተባርረው ነበር። በዓመቱ ያለ ፈቃድ ሳይከፈቱ አልቀሩም የተባሉት ሒሳቦች ወደ 3.5 ሚሊዮን ደረሱ። በ2020 ደግሞ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ያነሣው ሐሳብ እዚህ ይታያል፦ መለኪያን ግብ አድርጋችሁ ሰውን ስታስጨንቁበት መለኪያነቱ ይጠፋል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ግብ ጠባቂ ቁጥር ማቆም ነው። ሽያጭ ይጨምር ካላችሁ «ተመላሽ የተጠየቀበት ሽያጭ አይጨምር» በሉ። ፍጥነት ይጨምር ካላችሁ «የቅሬታ ስልክ አይጨምር»። ጠባቂው ሲጣስ ዋናው ቁጥር የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ይቁም። ይህን ቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ቁጥሩ ካማረ በኋላ መስማማት ይከብዳል።

የፕሮዳክት ቡድን መሪ ሆኜ ተሾምኩ። ቡድኑን በምን ልመዝነው?

ባወጡት ፊቸር (ምርቱ ላይ በሚጨመር አዲስ ተግባር) ብዛት አትመዝኑ። ያን ብታደርጉ ፊቸር ይወልዱላችኋል። ለእያንዳንዱ ፕሮዳክት ማኔጀር አንድ የሚለወጥ ውጤት ስጡ፤ መንገዱን ለሱ ተዉለት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ይጻፍ። የትኛው ቁጥር፣ ከስንት ወደ ስንት፣ እስከ መቼ፣ ምን ካየን እናቆማለን? ቀን ይጻፍበት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ገጽ አብራችሁ ክፈቱ። አማዞን ገና ምርቱ ሳይሠራ የምረቃውን ዜና መግለጫና የደንበኞችን ጥያቄና መልስ ያስጽፋል። ወረቀት ላይ ማንንም የማያስደስት ነገር ኮድ ሲሆንም አያስደስትም።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይበልጥብኛል። ቡድናችሁ ውስጥ መጥፎ ቁጥር ስንት ቀን ቆይቶ ነው እናንተ ዘንድ የሚደርሰው? ቢሯችን ውስጥ አለቃ ፊት ክፉ ዜና ይዞ መቅረብ ያስፈራል። ልጁ ግራፉን ያያል፣ ይደነግጣል፣ «ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት ይስተካከላል» ብሎ ይዘገያል። ይህን የሚሰብረው መሪው ብቻ ነው። መጥፎውን ቁጥር መጀመሪያ ያመጣውን ሰው ሰው ሁሉ ባለበት አመስግኑት። ጥፋተኛ ፍለጋ አትጀምሩ። የራሳችሁን የተሳሳተ ግምት ደግሞ ራሳችሁ አንብቡት። እኔ ይህን ለማድረግ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ካደረግኩት በኋላ ግን ችግር በሦስተኛው ሳምንት ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ይነገረኝ ጀመር።

መሪ ከሆናችሁ በኋላም ከተጠቃሚ አትራቁ። በሁለት ሳምንት አንዴ ግማሽ ቀን ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ መናኸሪያ፣ ምርቱ ያለበት ቦታ ሁሉ ሄዳችሁ ተቀመጡ።

ሥራ አስኪያጁ ወይም ባለሀብቱ የሚፈልጉት የተመዝጋቢ ቁጥር ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

አትሟገቱ። ቁጥራቸውን ስጧቸው፤ ከጎኑ ግን ሌላ አንድ አስቀምጡ። ከዚያ ወደ ብር ቀይሩት። እንበል አንድ ሰው ለማስመዝገብ 60 ብር ይወጣል። 1,000 ሰው 60,000 ብር ነው። በሦስተኛው ወር የቀሩት 200 ከሆኑ አንድ እውነተኛ ተጠቃሚ 300 ብር ፈጅቷል። ከአንዱ የምታገኙት ገቢ 300 ብር ይመልሳል? ይህን ጥያቄ የማይሰማ ነጋዴ አላየሁም። ሪቴንሽን የሚለው ቃል ባይገባቸው እንኳ ኪሳራ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ ይዟቸው መሄድ ነው። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ይስጡኝ፣ አንድ ሱቅ ደርሰን እንምጣ» በሉ። ደብተሩ ከባንኮኒው ሥር ሲወጣ በዓይናቸው ካዩ ስላይድ አያስፈልግም።

አንድን ፕሮዳክት መዝጋት ያለብን መቼ ነው?

የመመለስ መስመሩ ከሁለት ሦስት ቁም ነገር ያለው ማሻሻያ በኋላም ካልተኛ፣ ለማቆም ቀድማችሁ የጻፋችሁት ምልክትም ከታየ ጊዜው ነው። «ይህን ያህል ገንዘብ አፍስሰን» የሚለው ምክንያት አይሁን። የፈሰሰው ፈስሷል።

ስቱዋርት በተርፊልድና ባልደረቦቹ ግሊች የሚባል የኦንላይን ጨዋታ ሠርተው ነበር። አፍቃሪዎች ነበሩት፤ ድርጅቱን የሚያኖር ያህል ግን አልነበሩም። በ2012 መጨረሻ ዘጉት። ለከፈሉ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን የሚመልሱበት መንገድ አመቻቹ። ለሚሰናበቱት ሠራተኞች ሥራ ለማፈላለግ ተሯሯጡ። ጨዋታውን ሲሠሩ እርስ በርስ ይነጋገሩበት የነበረው መሣሪያ ግን እጃቸው ላይ ቀረ። እሱን አዳብረው በ2014 ስላክ ብለው አወጡት። የሶፍትዌር ድርጅቱ ሴልስፎርስ በ2021 በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

የእኛም የሱቆች አፕ ተዘግቷል። ስድስቱን ገጽ ወደ አንድ አወረድነው፤ መስመሩ ግን አልተኛም። ከመዝጋታችን በፊት ያሰብነው አንድ ነገር ነበር። በአፑ ውስጥ የተመዘገበው ዱቤ የሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሱቅ ማን ስንት እንዳለበት በወረቀት አትመን በእጅ አደረስን። የጀሞዋ ባለሱቅ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሁለት ስም ላይ «ይቺ ከፍላለች» ብለው ሰረዙ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ደብተሩ ውስጥ አስገቡት።